ባባ ንጆኪ ፓርላማ የገባ ጊዜ

የሰው ፊት ይጠፋኛል፤ ስምማ ከጠፋኝ ቆየ። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ኮት ግን የትም ባየው አልስተውም። ባለፈው ሳምንት ዓይኔን ልታይ እዚህ ናይሮቢ ዌስትላንድስ ካለ አንድ መነጽር ቤት ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ፊት ለፊቴ ከዘራውን ተደግፎ በተቀመጠ ሽማግሌ እጅጌ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ግራጫ ኮት ነው። እጅጌው ላይ ያሉት አራቱም የቁልፍ ቀዳዳዎች ለጌጥ ሳይሆን የእውነት የተከፈቱ ናቸው፤ በእጅ ተዘምዝመዋል፤ ክሩም ከጨርቁ ትንሽ ጠቆር ያለ ነው። በዚህ ከተማ ክር እንደዚያ የሚመርጥ አንድ ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። ጉንጩ ወርዷል፣ አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ሰጥሟል፣ ግን ራሱ ነው፤ ባባ ንጆኪ። ስንት ዓመት ሙሉ ስሙ በተነሳ ቁጥር ምራቄን ጢቅ የምልበት ሰውዬ፣ የእኔኑ ኮት ለብሶ ዓይኑን ሊታከም መጥቷል። ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልሄድ አሰብኩ፤ ግን በእኔ ዕድሜ ወረፋ ጥሎ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ ገና አላየኝም ነበር። ተቀምጬ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥርም ወደዚያች ጠባብ ሱቄ ተመለስኩ።

ሱቄ ሁርሊንግሃም ሰፈር ነበረች፤ ከአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ትንሽ ገባ ብላ፣ የአቶ ደስታ ምግብ ቤት አጥር ላይ ተለጥፋ። ሱቅ ትባል እንጂ እኔና የስፌት መኪናዬ ጎን ለጎን ከቆምን ደንበኛው ደጅ ነው የሚለካው። ደጁ ላይ አንድ ትልቅ የጃካራንዳ ዛፍ ነበር። በጥቅምት አካባቢ ሐምራዊ አበባው እየረገፈ ጣራዬን ያለብስና፣ ዝናብ ሲመጣ ከሰው ጫማ ሥር ተለጥፎ እስከ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ድረስ ይገባል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ እስከ መሀል ከተማ ሃያ ሽልንግ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ግን ሠላሳ። ረዳቱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየደበደበ ሲያልፍ፣ የሙዚቃው ጩኸት የመስኮቴን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ሱሪ በሦስት መቶ ሃምሳ እሰፋ ነበር። ልባሽ ጨርቁ በየመንገዱ ሲቆለል ያም ውድ ነው ተባለ። መብራት የሚጠፋው በሳምንት ሦስት ቀን ስለሆነ የከሰል ካውያዬን አልጣልኩም ነበር። እርጥብ ሱፍ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ የአማርኛ ካሴት ነበረችኝ፤ ክሯ ከመላላቱ የተነሳ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፤ ቢሆንም እስክትበጠስ ሰማናት።

ባለቤቴ አሰለፈች መስኮቱ ሥር ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። እሷ የተወለደችው ቁልፍ ልትተክል አልነበረም። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። እንዴት እንደመጣን አላወራም፤ ሁሉም እንደመጣው ነው የመጣነው። የሥራ ፈቃድ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ በእሷ ስም አንድም ወረቀት አልነበረንም። ስለዚህ በየማለዳው ሠላሳ አምስት ሽልንግ ከፍዬ ጋዜጣ እገዛላትና፣ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ግማሹ አይገባኝም ነበር። ጋዜጠኛው የሳተውን በቀይ እስክሪብቶ እያረመች ነበር የምታነበው። ስንት ጠዋት እጇን እያየሁ፣ ይህ እጅ ጠመኔ ነበር የሚይዘው ብዬ አስቤያለሁ።

ባባ ንጆኪ ማለት የንጆኪ አባት ማለት ነው፤ በዚህ አገር ሰው በመጀመሪያ ልጁ ስም ይጠራል። ከናይሮቢ በላይ ካለው ደጋ ድንችና ጎመን በአሮጌ ፒክአፕ ጭኖ፣ ማክሰኞና ዓርብ ለሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚያከፋፍል ገበሬ ነበር። የጎማ ቦቲው ላይ ቀይ አፈር ሳይደርቅ ይመጣል። ጎመን የምንፈልገው መቼ እንደሆነ ከማወቁ የተነሳ፣ ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ከአንዳንዶቻችን በፊት ያውቅ ነበር፤ አቶ ደስታ እንዲያውም ‘ቄሰ ገበዝ’ ይሉት ነበር። ያኔ ወድጄው ነበር፤ ይህን ባልናገር ሐሰት ይሆንብኛል። አንድ ቀን ባዶ ጆንያ ይዞ ሱቄ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ደላሎቹ የጆንያው አፍ ላይ ሌላ ግማሽ ጆንያ ቀጥለው ሰፍተውበታል። አንድ ተኩል ጆንያ ድንች ይሞሉና የአንዱን ዋጋ ይሰጡታል። ‘ፉንዲ፣’ አለኝ፤ ባለሙያን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሩት፣ ‘እየው ይህን ስፌት። አባቴን ያደኸየው ይህ ስፌት ነው፤ እኔንም እያደኸየኝ ነው።’ ስፌቱን አየሁት፤ ክፉ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ፓርላማ ገብቼ ይህን ጆንያ በሕግ አስከለክላለሁ አለ። የአካባቢው ገበሬዎችም ገፋፍተውታል። ችግሩ፣ በዚያን ጊዜ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ማንበብና መናገር እንደሚችል ተፈትኖ ማሳየት ነበረበት። ባባ ንጆኪ ደግሞ ትምህርቱን በሰባተኛ ክፍል ነው የተወው። እንግሊዝኛው ከ‘ጉድ ሞርኒንግ’ ብዙ አይርቅም።

አሰለፈች አስተማረችው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ጎመኑን አራግፎ ከጨረሰ በኋላ የእኔ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ። ጨርቄን ሰብስቤ እነሳላቸውና ደጅ ሆኜ እለካለሁ። ጋዜጣውን ዘርግታ በብረት ማስመሪያዬ መስመሩን እየተከተለች ታስነብበዋለች። እሱ ያልበዋል። ‘ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቀና አትበል፤’ ትለዋለች፤ ‘ሕዝቡን ካየህ ቀሪው ይጠፋሃል።’ ‘ሙዋሊሙ፣ ድንች መቆፈር ይሻለኛል፤’ ይላል፤ መምህር ማለቱ ነው። ‘እንግዲያው ሂድና ቆፍር፤’ ስትለው አቀርቅሮ ይቀጥላል። እነዚያን ቀናት የማልረሳው በእሱ ምክንያት አይደለም። ሚስቴ ጀርባዋን አቅንታ ስትቆም፣ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ድረስ ጥርት ብሎ ሲሰማ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ያገባኋትን ልጅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ፈተናውን ያለፈ ቀን እየሮጠ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ‘ይህ አፍ ያንቺ ነው። የፈለግሽኝ ቀን ጥሪኝ፤’ አላት። እኔም ከዓመታት በፊት ለክፉ ቀን ብዬ ካስቀመጥኩት ግራጫ ሱፍ ሙሉ ልብስ ሰፋሁለት። ሱሪው ወገብ ላይ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ተውኩ፤ ፓርላማ የገባ ሰው ወገቡ ባለበት እንደማይቆም ልብስ ሰፊ ያውቃል።

ተመረጠ። የቆየው መንግሥት በምርጫው ስለወደቀ በዚያ ሰሞን ከተማው ሁሉ ዘፈን ነበር። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር በማታቱ ውስጥ ተቃቅፎ ይዘፍናል፤ ረዳቶቹ እንኳ ለጥቂት ቀን ጨዋ ሆነው ነበር። ከዚያ በኋላማ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። ፒክአፑ ጠፋና መስታወቱ የጠቆረ መኪና መጣ። ‘ባባ ንጆኪ’ ብዬ ብጠራው ሾፌሩ ‘ሙሄሺሚዋ ነው የሚባለው’ ብሎ አረመኝ፤ ክቡር ማለት ነው። ሱሪውን ሁለቴ አሰፋሁለት። በሦስተኛው ራሱ አልመጣም፤ በሾፌር ነው የላከው። አሰለፈች የፓርላማውን ወሬ በሬዲዮ ትከታተል ነበር፤ የጆንያውን ነገር መቼ ያነሳ ይሆን እያለች። አንድ ዓመት ጠበቅን። ሁለት ዓመት ጠበቅን። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፁን ሰማን፤ መርፌዋን አስቀምጣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገች። የአባላቱ መኪና ማቆሚያ ጥላ ስለሌለው መኪኖቹ በፀሐይ እየተጎዱ ነው እያለ ነበር። በእሷ እንግሊዝኛ፣ በእኔ ኮት፣ ለመኪናው ጥላ ጠየቀ። እኔ ተሳደብኩ። እሷ ‘ዓረፍተ ነገሩን ግን ጨርሷል፤’ ብላ ሳቀች። የደጋው ድንች እስከ ዛሬ በዚያው በተቀጠለ ጆንያ ይሸጣል፤ ባለፈው ወር እንኳ ገበያ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ግን፣ የጠላሁት ለገበሬዎቹ ብዬ አይደለም። እኔ ያን ያህል ደግ ሰው አይደለሁም። የጠላሁት ለራሴ ቤት ነው። ሱቃችን አጠገብ ካለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት የመጣች ዳይሬክተር፣ ቀሚስ ልታሳጥር ገብታ አሰለፈች ጋዜጣ ስታነብ ሰማቻት። ልኬቷን ሳልጨርስ ወሬያቸው ወደ ትምህርት ሄደ። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታ ‘የእንግሊዝኛ መምህሬ በታኅሣሥ ትለቃለች፤ ቦታዋን ላንቺ እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልሻለሁ፤’ አለቻት። የቀረው የሥራ ፈቃዱ ብቻ ነበር። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ደግሞ ማንነቷን የሚመሰክር የታወቀ ሰው ደብዳቤ ጠየቀ፤ የፓርላማ አባል ቢሆን በሩ ወዲያው ይከፈታል ተባለ። አሰለፈች አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ‘ይህ ካመለጠኝ ሌላ አይመጣም፤’ አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የትምህርት ቤቱን ደወል ከሱቃችን መስማት ይቻል ነበር። በነጋታው ደወሉ ሲደወል መርፌዋን አቁማ ስታዳምጥ አየኋት።

‘ተማሪዬ ነው፤ ራሴ ደውዬ በሁለት ቃል እጠይቀዋለሁ፤’ አለችኝ።

‘አይሆንም፤’ አልኳት። ‘ባለጉዳይ ራሱ አይለምንም። ትልቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይላካል።’

‘እሱ ሐበሻ አይደለም እኮ። ሽማግሌ ምን ያደርግለታል?’

‘ከእኛ ወግ አንወጣም።’

እኔ ነኝ ያልኩት። እሷ መርፌዋን አነሳች። አቶ ደስታ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ጨመሩና፣ አንድ እሁድ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ደጋው ወጡ። እኔ እንደ ወጉ ሱቄ ቀረሁ። እሁድ ብዬ ሥራ አልፈታሁም፤ ሐሳቤ ከእነሱ ጋር ስለነበር ግን የሰፋሁትን ሰኞ ፈታሁት። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። ‘ወንድሜ፣’ አሉኝ አቶ ደስታ፣ ‘ያ ሰው ወግ አያውቅም። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። እንደ ሥርዓቱ በሩ ላይ ቆመን ጉዳይ ይዘን መጥተናል አልነው። ግቡ፣ ተቀመጡ አለ። እሺ ሳትለን አንቀመጥም አልን። ሚስቱ ሻይ ይዛ መጣች፤ ጉዳያችን ሳያልቅ እህል ውኃ አንቀምስም አልናት። ይኼኔ ተነስቶ በሰው ፊት ጮኸብን። ከቤቴ ውጡ አለ። ጉዳያችንን እንኳ አልሰማም።’

‘ውኃም አልቀመሳችሁም?’ አልኳቸው።

‘ጠብታ!’ አሉ በኩራት።

‘ደግ አደረጋችሁ፤’ አልኳቸው።

ወሩ አለቀ። ዳይሬክተሯ ሌላ መምህር ቀጠረች፤ ቀሚሷንም ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ አሳጠረች፤ አፍራ ይመስለኛል። አሰለፈች አላለቀሰችም። ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ቁልፏን ተከለች፤ ሱቁን እስክንዘጋ ድረስ ስትተክል ኖረች። ጋዜጣውን ግን ከዚያ ወዲያ ጮክ ብላ አንብባልኝ አታውቅም። ለራሷ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ታነብ ጀመር። ያ ዝምታ በመጣ ቁጥር እኔ ባባ ንጆኪን እረግመዋለሁ። ውለታ ቢስ፣ አፈር ገፊ፣ ሆዳም፤ ያላልኩት የለም። በሚቀጥለው ምርጫ ገበሬዎቹ ራሳቸው ሲያባርሩት በደስታ ለሦስት ቀን ጢሜን እየተላጨሁ አፏጨሁ። አሰለፈች ብቻ እርግማኔን አንድም ቀን አላገዘችኝም። ይህንንም በደግነቷ ነበር የምቆጥረው።

መነጽር ቤቱ ውስጥ በመጨረሻ አየኝና ‘ፉንዲ፤’ አለኝ። ድምፁ አላረጀም።

‘ደኅና ነኝ፤’ አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ። የምናወራው በስዋሂሊ ነበር።

‘ሙዋሊሙስ?’

‘አለች።’

‘እያስተማረች ነው?’

ይህን እንዴት በአፉ ደፈረው? ‘በምን ወረቀት?’ አልኩት። ‘ማን በፈረመላት ወረቀት ነው የምታስተምረው?’ የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። እሱ ከዘራውን ጉልበቶቹ መሀል አዞረው።

‘ደብዳቤው ተጽፎ ነበር እኮ፤’ አለ። ‘የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለጸሐፊዬ ደውላ ሁሉን ነግራታለች። ፈርሜበት ነበር። ሽማግሌዎችህ እንደሚመጡ ሰምቼ ያን እሁድ የስኳር ዕቃው ሥር አስቀመጥኩት፤ ሻያቸውን ሲጠጡ በሰው ፊት ላነሳላቸው። እነሱ ግን በነጭ ተጠቅልለው በሬ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ስላቸው እምቢ። የንጆኪ እናት በገዛ እጇ ቀድታ ስትሰጣቸው እምቢ። የአገሬ ሽማግሌዎች ሁሉ ተቀምጠው ያያሉ። ቤትህ ገብቶ ሻይህን የማይቀምስ ሰው በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ወይ ሊረግምህ ነው የመጣው፣ ወይ መርዘኛ ብሎሃል።’

አውቃለሁ። በዚህ አገር ያን ያህል ዓመት ኖሬ እንዴት አላውቅም? ደንበኛ ቤት ልብስ ላደርስ ስሄድ፣ ሻይ ሳልጠጣ የወጣሁበት ቀን የለም። አቶ ደስታም ያውቃሉ። ልመናው ትልቅ ሲሆንብን ግን የኖርንበትን አገር ረስተን የመጣንበትን ለበስን።

‘በነጋታው መላክ ትችል ነበር፤’ አልኩት።

‘እችል ነበር፤’ አለ። ‘ተናድጄ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሥራ በዛ።’

ሥራ በዛ አለኝ። መኪና ማቆሚያው መሆኑ ነው። በዚህ እንኳ አላፈረም፤ ስለዚህ ዛሬም አልወደውም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ስሜ ተጠራና ሳልሰናበተው ገባሁ። ሐኪሟ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት አንብብ አለችኝ፤ ምን እንዳነበብኩላት አላውቅም። ወደ ቤት ስመለስ በማታቱ መስኮት የመንገዱን ሕንጻዎች እያየሁ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ለአሰለፈች እንዳልነግራት። ሽማግሌ ይላካል ያልኩት እኔ ነኝ። ደግ አደረጋችሁ ያልኩትም እኔ ነኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆኖብኝ ነው የኖርኩት፤ ይህን በስተርጅና ሰምታ ምን ታደርገዋለች?

እሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ በማጉያ መነጽር እያነበበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

‘ማንን አግኝተህ ነው እንዲህ የሆንከው?’

‘ባባ ንጆኪን፤’ አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ማጉያውን አስቀመጠች። ‘የደብዳቤውን ነገር ነገረህ?’ አለችኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ‘አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?’

‘ሽማግሌዎቹ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ደወልኩለት። በሁለት ቃል ጠየቅሁት። ባልሽ ራሱ ይምጣና ቤቴ ሻይ ይጠጣ፤ ደብዳቤውን በእጁ እሰጠዋለሁ አለኝ።’

‘ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? እሄድ ነበር እኮ።’

‘ያን ሳምንት ስሙን ስትረግም ነው የዋልከው፤’ አለች፣ ጋዜጣውን በመዳፏ እያቃናች። ‘ሂድልኝ ብዬ ለምኜህ እምቢ ብትለኝስ? ከዚያ በኋላ የምጠላው ሰው አንተ ልትሆን ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ አጠገብህ ተቀምጬ። እሱን ብትጠላው ይሻላል ብዬ ተውኩት።’

‘እሄድልሽ ነበር፤’ አልኳት ደግሜ።

‘አትሄድም ነበር፤’ አለችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ማጉያዋን አንስታ ወደ ንባቧ ተመለሰች።

ልከራከራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ የነበርኩትን ሰውዬ ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አይሄድም ነበር።